ስለ አዲስ መድኃኒት ሙከራ ለቤተ ሰብ የሚሆን ቃል

ከሐዋሳ ከተማ አንዲት እመቤት በጻፉልን ደብዳቤ፥ አባታቸው ከአንድ ዓመት በላይ ወገባቸውን ሲያማቸው ቈይቶ፥ በመጨረሻ በሽታው መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የአጥንት መቅኔ ነቀርሳ መሆኑ እንደ ተነገራቸው ገልጸውልናል። በአሜሪካ የሚኖሩት ወንድማቸው፥ «እዚህ አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነውና አባታችን ይምጡ» ይላሉ፤ አጎታቸው ግን፥ «ወንድሜን የሙከራ አይጥ አታደርጉብኝም» ብለው ተቈጥተዋል። ለመንገዱ ቤት መሸጥም ታስቧል። እመቤቲቱም «ማንኛቸውን እንስማ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን ለሁሉ በሚሆን መንገድ ለመጻፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአጥንት መቅኔ ውስጥ፥ ሰውነትን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከል ነገር የሚሠሩ፥ ፕላዝማ ሴል የተባሉ ረቂቃን ሕዋሳት አሉ። ከነዚህ አንዱ ሥርዐቱን ለቆ ያለ ልክ ሲራባ መቅኔውን ይሞላዋል፤ ስለዚህ ደም ያንሳል፥ አጥንት ይሳሳል፥ ኩላሊት ይደክማል፥ ሰውየውም በሳንባ ምችና በመሳሰለው ቶሎ ቶሎ ይያዛል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው የገፋውን ሰው ስለሚይዝ፥ የወገቡ ሕመም የእርጅና ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ በከንቱ ያልፋል። እዚህ ላይ ነገራችንን አቋርጠን አንድ ነገር እናሳስባለን፤ ከየመድኃኒት ቤቱ ለወገብ ተብለው የሚገዙት ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን፥ ይህ በሽታ ያለበትን ሰው ኩላሊት ይጎዳሉና፥ ሐኪም ሳያዝዝ መውሰድ አይገባም።

በሽታው እስከ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ የሚነቀል አይደለም፤ ሆኖም ሕሙማን ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ይህም የተገኘው በሙከራ ነው። ሙከራ ባልነበረ ጊዜ ምን ይደረግ እንደ ነበር ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል።

በ1947 ዓ.ም. ዩሬታን የሚባል መድኃኒት ለዚህ በሽታ ይረዳል ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ሐኪሞች በቅን ልብ ለሕሙማን ሲሰጡት ኖሩ። ሕሙሙ ሲሻለው መድኃኒቱ ይመሰገናል፤ ሲሞት በሽታው ይወቀሳል። በመጨረሻ በአሜሪካ 83 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን ዩሬታን፥ ለሁለተኛው የቼሪ ፍሬና የኮላ ጣዕም ያለው፥ መድኃኒት የሌለበት ሽሮፕ ተሰጠ። በ1966 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳስረዳው፥ ዩሬታን ከሽሮፑ ምንም ብልጫ አልነበረውም፤ እንዲያውም ዩሬታን የወሰዱት ቀድመው ሞቱ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንት አባትና እናት በከንቱ እንደ ተጎዱ ማን ይቈጥረዋል? እኒህ አጎት የሚፈሩት ነገር በእውነት ደርሶ ነበር፤ የደረሰው ግን መድኃኒቱ ሳይፈተን ይሰጥ በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያው ዘመን የተሰማ ሌላ መድኃኒት ደግሞ በፈተና ጸና። በ1958 ዓ.ም. ብሎኪን የተባሉ የሩሲያ ሐኪም ከባልንጀሮቻቸው ጋራ፥ ዛሬ ሜልፋላን የምንለውን ለስድስት ሕሙማን ሰጥተው ሦስቱ እንደ ተሻላቸው ጻፉ። በ1969 ዓ.ም. በ183 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ሲታተም፥ ሜልፋላን ከፕሬድኒሶን ጋራ ሲሰጥ፥ ብቻውን ሲሰጥ ከሚያኖረው ስድስት ወር ያህል ጨምሮ እንደሚያኖር ታወቀ። ስድስት ወር ጥቂት ይመስላል፤ ልጁን ለመዳር ለሚጠብቅ አባት ግን ጥቂት አይደለም።

ዛሬ ሙከራ የሚደረገው በየደረጃው ነው። በመጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ይሰጥና መጠኑና ጉዳቱ ይታወቃል፤ በሁለተኛው በሽታውን ይቀንስ እንደ ሆነ ይታያል፤ በሦስተኛው በብዙ መቶ በሚቈጠሩ ሕሙማን ላይ፥ እስከዚያ ድረስ ከታወቀው ሕክምና ጋራ ይመዛዘናል። ዕጣ የሚጣለው ሐኪሙ ብርቱውን ሕሙም መርጦ ወደ አዲሱ መድኃኒት እንዳያደላ ነው። አዲሱ መድኃኒት ያልወጣለት ሕሙምም ባዶ ሽሮፕ ብቻ ተሰጥቶት የሚተው አይደለም፤ ባብዛኛው የታወቀውን ሕክምና ያገኛል። ስለዚህ ወንድምየው አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው፥ ሙከራው ስንተኛው ደረጃ ላይ መሆኑን ነው፤ በአንደኛው ደረጃ ያለ ከሆነ፥ ጥቅሙ ከአባታቸው ይልቅ ኋላ ለሚመጡት ሕሙማን ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ሲበላሽም የሚያስቆም ባለሥልጣን አለ። ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት በሌሎች የነቀርሳ ዓይነቶች እጅግ የተመሰገነ ነበር። ከማይሎማ መድኃኒቶች ጋራ ተጨምሮ ሲሞከር ግን፥ በተጨመረላቸው ሕሙማን ዘንድ ሞት በዝቶ ስለ ተገኘ፥ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሙከራውን አስቆመ።

የታሊዶሚድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ይህ እንክብል በ1957 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለእንቅልፍ ተብሎ መሸጥ ጀመረ፤ እርጉዞች ሴቶችም ወሰዱት፤ ከዐሥር ሺሕ የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጐድሎ ወይም ሌላ ጕዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። በ1961 ዓ.ም. ከጀርመን ገበያ ተነሣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በኢየሩሳሌም ዶክቶር ሼስኪን ሥቃይ እንቅልፍ ለነሣቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቢሰጡት፥ ቍስላቸው ሲሽር አዩ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ባላቸው በማይሎማ የታመሙባቸው አንዲት እመቤት፥ መድኃኒት ፍለጋ ሲደክሙ፥ ዶክቶር ፎክማን የተባሉትን የቦስተን ሊቅ ጠየቁ፤ እሳቸውም ታሊዶሚድ ይሞከር አሉ። ባልየው አልዳኑም፤ ከዚያ የተሰጠው ሌላ ሕሙም ግን እጅግ ተሻለው። በ1999 ዓ.ም. የ84 ሕሙማን ሙከራ ሲታተም፥ ከሦስት አንድ ያህሉ ላይ በሽታው መቀነሱ ታየ። እኒያ እመቤት ለባላቸው የፈለጉትን ሌሎች አገኙት። ይህ መድኃኒት፥ ወይም ከእርሱ የተወለደው ሌናሊዶሚድ በሚገኝበት ቤት፥ እንክብሉ በቍልፍ ይቀመጥ፤ እርጉዝ ወይም ልትፀንስ የምትችል ሴት ከቶ አትዋጠው፥ ሽፋኑንም አትክፈተው፤ ሕሙሙም ባል ቢሆን ስለ ፅንስ የሐኪሙን ትእዛዝ ይጠብቅ።

«በእኛ ሰው ላይ መሞከር ምን ያመጣል?» ለሚሉም ከአገራችን አንድ ነገር እንንገራቸው። ካላዛርና ኤች አይ ቪ ባንድነት የያዟቸው 58 ሕሙማን በጎንደርና በአብዱራፊ ከ2014 እስከ 2015 ዓ.ም. በሙከራ ታክመው ነበር። ሁለት መድኃኒት ባንድነት የተሰጣቸው፥ ለሚያስፈልጋቸውም ሕክምናው ተራዝሞ፥ ከመቶ 88ቱ ከተውሳኩ ነጹ፤ አንድ መድኃኒት ብቻ ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 55ቱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በሕንድ ከተደረገው ሙከራ ጋራ ይህን ተመልክቶ፥ ሁለቱ መድኃኒቶች ባንድነት እንዲሰጡ መከረ።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ወንድምየው በስልክ ከሚነግሯችሁ ሌላ የሙከራውን የመዝገብ ቍጥር ይላኩ፤ በአሜሪካ መዝገብ «ኤን ሲ ቲ» በሚሉ ፊደሎች ይጀምራል፤ አባትየውን የሚያክሙት ሐኪም በኢንተርኔት አውጥተው ያንብቡት። በትክክለኛ ሙከራ የሚሞከረው መድኃኒት ዋጋ ባብዛኛው ከሕሙሙ አይጠየቅም፤ ስለ መድኃኒቱ አስቀድማችሁ ብዙ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ቢመጣ ተጠራጠሩት። የመንገዱ፥ የማደሪያውና የሌላው ሕክምና ወጪ ግን በቤተ ሰቡ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፥ ቤቱን ከመሸጥ በፊት ማን ምን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይታወቅ። የፈቃዱ ወረቀት በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ፥ አባትየው በሚሰሙት ቋንቋ ይነበብላቸው፤ ፈቃዱ የእርሳቸው ነውና ወንድምም አጎትም በእርሳቸው ፈንታ አይፈርሙ። ጀምረው ቢያቋርጡ ማንም ሊከለክላቸው አይችልም። ይህ ሁሉ እስኪጣራ ግን በአገር ውስጥ የሚገኘው ሕክምና ይጀመር፤ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሂዱ የተባለ እንደ ሆነም ጉዞው አይዘግይ። ተስፋን እየጠበቁ ኩላሊት እስኪደክም መቈየት ከሁሉ የከፋ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። በአሜሪካ ይህ በሽታ ጥቁሮችን ከነጮች በእጥፍ ያህል ያጠቃል፤ በሙከራ ውስጥ የሚገቡት ጥቁሮች ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ምክንያት የሙከራው ሕግ ነው፤ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ቍጥሩ ከተወሰነው ካነሰ ሕሙሙን አይቀበሉም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጤነኞች ሆነው ሳለ ይህ ቍጥር በተፈጥሮ ያንስባቸዋል። ስለዚህ አባትየው ሳይታመሙ በፊት ያደረጉት የደም ምርመራ ወረቀት በቤት ውስጥ ካለ፥ ያረጀ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ከአዲሱ ጋራ አያይዛችሁ ላኩት።