ከመሄድህ በፊት ባሮጌው መንገድ እለፍ

አገሩን ለቆ የሚሄድ ሰው ጓዙን ሲሸክፍ ልብሱንና ስንቁን፥ የቤተ ሰቡንም ፎቶግራፍ አይረሳም። የሚረሳው ያደገበትን መንገድ ነው። «መንገድ የት ይሄዳል፤ ስመለስ አገኘዋለሁ» ይላል። አንባቢ ሆይ፥ ይህ አሳብ ምን ያህል እንደሚያታልል ሆሳዕናን ያየ ያውቀዋል።

ይህች የሐዲያ ከተማ የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋም በዚሁ ስም ይጠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። በኮሪደር ልማትም መንገዶቿ እየሰፉ ነው። ለውጡ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድደዋል። የሚልኩት ገንዘብ ታናናሾቻቸውን ያስተምራል፤ የቆርቆሮውን ሱቅ አስፈርሶም ፎቅ ያሠራል። እንግዲህ ነገሩን ልብ በል፤ በጆሃንስበርግ ሆኖ የሰፈሩን በረንዳ የሚናፍቀው ሰው፥ ያንኑ በረንዳ የሚያስፈርሰው በራሱ ላብ ነው።

ይህን ማለቴ ልማቱን ለመንቀፍ አይደለም። በሚያፈስ ጣራ ሥር የኖረች እናት አዲስ ቤት ሲሠራላት ደስ ይላታል እንጂ አታዝንም። አሮጌ ቤት ይፈርሳል፤ መልኩ ግን አብሮ መጥፋት የለበትም።

ፓሪሶች ይህን አስቀድመው ተረድተውታል። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጠባቦቹ መንገዶች ከመፍረሳቸው በፊት ሻርል ማርቪል የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ከተማው አዝዞት ከ400 በላይ ፎቶግራፎች አነሣ። ዛሬ የጥንቷ ፓሪስ መልክ የሚታወቀው በነዚያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ካሜራው በየኪሳችን አለ።

ስለዚህ የምትለቃት ከተማ ሆሳዕናም ትሁን የከምባታዋ ዱራሜ ወይም ሺንሺቾ፥ አንድ ቀን በጧት ተነሥተህ በአሮጌው መንገድ በእግርህ ሂድ። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች የደበዘዘ ቀለምና የዛገ ቆርቆሮ ጐልቶ ይታያል፤ በቀትር ግን ሁሉም ይነጣል። የእንጨቱን መዝጊያ፥ ምርጉ ተልጦ ጭዱ የሚታየውን ግድግዳ፥ በእጅ የተጻፈውን የሱቅ ስም አንሣ። ባለቤቱን ግን ሳታስፈቅድ አታንሣ። ሰላምታ ሰጥተህ፥ ጥቂት ተጫውተህ ጠይቀው። ሱቁን ማን እንደ ከፈተው፥ ቀድሞ ምን ይሸጥበት እንደ ነበር የሚነግርህን ሁሉ ጻፍ። ስምና ቀን የሌለው ፎቶግራፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ግድግዳ ነው።

በመጨረሻም ፎቶግራፎቹን በስልክህ ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ ስልክ ይሰበራል፥ በመንገድም ይነጠቃል። አሳጥበህ አንዱን ለባለሱቁ፥ አንዱን ለእናትህ፥ አንዱንም ላስተማረህ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጥ። አንተ በዚያው ብትቀር እንኳ፥ መንገዱ ለታናናሾችህ ይቀራል።