ጋለሪያችን ፊታችንን ብቻ ይዟል



ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ከአምባ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። ጉዳያችን ዓርብ አለቀና ቅዳሜ ነጻ ሆንን። አብረውን ከነበሩት ሁለት ደረሶች አንዱ ከዘመዱ የተዋሰው ካሜራ ስለነበረው አምስት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም እንሂድ ተባባልን። ሌላኛው ደረሳ ግን ፊቱን አጨማደደ። «ሙዚየም ለኛ ምናችን ነው? የነገሥታትና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው» አለ። እኛም በውስጣችን ትንሽ እንደዚያው እናስብ ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም።

ገባን። በ1967 ዓ.ም አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተሰጣትን ድንቅነሽን አየን (የዕድሜዋ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን)። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዙፋን አየን። የአፈወርቅ ተክሌንና የሌሎች ሠዓሊዎችን ሥራዎች አየን። «አየን» ስንል ግን በካሜራውና በስልኮቻችን ነው። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ አነሣን። ማታ ማረፊያችን ገብተን ስናገላብጥ «ይሄ ሥዕል የማን ነበር?» ብለን ተጠያየቅን። መልስ ያለው አልነበረም። በአብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ ሥዕሉን የጋረድነው እኛው ነን፣ ጥርሳችንን ገልጠን።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሊንዳ ሄንክል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ተማሪዎችን ሙዚየም ወስደው ፈትነዋል። ጥናታቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተማሪዎቹ ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎች በዓይናቸው ብቻ ካዩዋቸው ያነሰ አስታወሱ። ዕቃውን አቅርበው አንዷን ክፍል ለይተው ያነሱት ግን ትዝታቸው አልተጎዳም። ጥፋቱ የካሜራው አለመሆኑን ያየነው እዚህ ላይ ነው። አንድን ነገር ለመለየት ሲባል መቆም፣ መቅረብና መመርመር ግድ ይላል፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ሥዕልን ስለማየት ያለውን ጥያቄ ለዑለሞቻችን እንተወው። እኛ የምንናገረው «የኛ አይደለም» ስለሚለው ቃል ነው። ሐረር ብትሄዱ አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች፣ ሳንቲሞችና አልባሳት ሙዚየም ሞልተዋል። ሙዚየሙን መጀመሪያ የከፈቱት በራሳቸው ቤት ነው። የተበጣጠሰ ኪታብ መጠገንና መጠረዝም ተምረዋል። እዚሁ ቅርባችን ጎንደር ደግሞ ሁላችንም ከፋሲል ግቢ ፊት ፎቶ አለን። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ በኋላ የሰፈሩበትን አዲስ ዓለምን ግን ማን በካሜራው አነሣ? ከግቢው ወደዚያ መሄድ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንምጣ። በከተማችን አንድ ያረጁ ሸኽ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከአያቶቻቸው የወረሱት አንድ ሣጥን ኪታብ ነበራቸው። በየገጹ ጠርዝ ላይ ማን ከማን እንደቀራ፣ ኪታቡ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ ተጽፎበታል። እኛ በየሳምንቱ ቤታቸው እየገባን ቡና ጠጥተናል፤ ከሳቸው ጋር ፎቶም ተነሥተናል። እሳቸው ከሞቱ በኋላ በክረምቱ ጣሪያው አፈሰሰ። ሣጥኑ ሲከፈት ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ቀለሙ ፈሶ አገኘነው። «የአንዷን ገጽ እንኳ ፎቶ ያላችሁ?» ተብሎ ተጠየቀ። ሁላችንም ስልካችንን ፈተሽን። የሸኹን ፈገግታና የኛን ፊት አገኘን። ሣጥኑ በአንዱ ፎቶ ላይ ከኋላችን፣ ተዘግቶ ይታያል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በእሳት ሲወድም፣ የሙዚየም ትምህርት ተማሪዎች ከዚህ ቀደም የጎበኙ ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች እንዲልኩላቸው ለመኑ። በኛም አገር ደሴ ያለው የወሎ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ አንድ ቀን ገበያ ላይ ቢታይ «ይሄ የኛ ነው» ለማለት ጥርት ያለ ፎቶ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ እንላለን፤ ግን ሁሉንም ክፍል ለመጨረስ አትሩጡ። አንድ ክፍል ይበቃል። ቀድማችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ መግለጫውን አንብቡ፣ ከዚያ የዕቃውን አንድ ቦታ ቀርባችሁ አንሡ፤ መግለጫውንም አብራችሁ አንሡት። ፍላሽ አታብሩ፤ ብርሃን የጥንት ቀለምና ወረቀት ያደበዝዛል። ክልክል ነው ከተባለም ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፤ ከጥበቃ ጋር መከራከር አደብ አይደለም።

ሰፈራችሁ ያለ ኪታብ ሲሆን የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቁ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፣ በመስኮት ብርሃን ገጽ በገጽ፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ አንሡ። ኪታቡ የማን ቤት እንዳለ ስቶሪ ላይ አትለጥፉ፤ ደላላም ያነባል።

ያ ፊቱን ያጨማደደው ደረሳ አሁን ከአንዲት እናታችን ዘንድ አንድ ኪታብ አስፈቅዶ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ በመስኮት ሲገባ ያነሣል። እስከ ትናንት አርባ አንድ ገጽ ደርሷል፤ የስልኩ ሚሞሪ ስለሞላበት የራሱን ፎቶዎች እያጠፋ ነው።