የተንተባተበው ደወል

በየቤታችን አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ልጅን በጉድለቱ መጥራት ነው። ጆሮው ሰፋ ያለውን «ጆሮ»፥ እግሯ ሸፈፍ ያለውን «ሸፋፋ» እያልን ስም እናወጣለን፤ ሲጠይቁንም በፍቅር ነው እንላለን። ልጁም ከእኛ ጋር አብሮ ይሥቃል። ባይሥቅ አኵራፊ ይባላልና ምን ያድርግ?

ስለ ሌላ ሰው ቤት የምጽፍ እንዳይመስልብኝ የራሴን ልናገር። ሁለተኛው ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር ይንተባተባል። ባለፈው ፋሲካ ማግሥት ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ አጎቱ የልጁን አነጋገር አስመስሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ቤቱም በሣቅ ተሞላ። እኔም ሣቅሁ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንግዳ ፊት አፉን አይከፍትም፤ ማታ በጸሎት ጊዜ እንኳ አቡነ ዘበሰማያትን በከንፈሩ ብቻ ያነበንበዋል እንጂ ድምፁን አያሰማም።

የማደርገው በጠፋኝ ጊዜ ታሪካቸውን ያነበብሁላቸው አንዲት የስዊድን እናት ትዝ አሉኝ። ወይዘሮ አስትሪድ ሊንድግሬን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ተወልደው በ2002 ዓ.ም. ያረፉ ደራሲ ናቸው። በ1941 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው በሳንባ ምች ታማ ተኝታ ሳለች፥ እዚያው ያወጣችውን ስም ጠርታ ስለ ፒፒ እንዲነግሯት ለመነቻቸው፤ እናትየዋም ፒፒ ማን ናት ብለው ሳይጠይቁ ተረቱን ጀመሩ። በ1944 ዓ.ም. ደግሞ በረዶ አዳልጧቸው ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ብሎ አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ ጻፉትና ለልጃቸው ለዐሥረኛው የልደት ቀኗ ሰጧት። አንድ ትልቅ አሳታሚ አልቀበልም ቢላቸውም መጽሐፉ በ1945 ዓ.ም. በሌላ አሳታሚ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ ተነቧል።

ፒፒ እናቷ የሞተችባት፥ አባቷ በባሕር የጠፋባት፥ ብቻዋን የምትኖር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከጕልበቷ የተነሣ ፈረስ በክንዷ ታነሣለች። በመምህርቷ ፊት ያላት አነጋገር፥ እውነቱን ለመናገር፥ እኔን ደስ አላሰኘኝም፤ ልጄ ከእርሷ እንዲማረውም አልሻም። ዳሩ ግን አንድ ትንሽ ልጅ በብዙዎች ሲደበደብ ያየች እንደ ሆነ ዝም ብላ አታልፍም፤ ሌሊት ሊሰርቋት የመጡትን ሁለት ሌቦች ካሸነፈቻቸው በኋላም አብረዋት እንዲጨፍሩ አድርጋ፥ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የወርቅ ገንዘብ ሰጥታ ታሰናብታቸዋለች።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በ1946 ዓ.ም. በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ያለው ነገር ነው። ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላው ይህች ልጅ በአንድ ሱቅ መስኮት ላይ ጠቃጠቆ ያስቸግርዎታልን የሚል ማስታወቂያ ታያለች። ገብታ ለሻጯ አያስቸግረኝም ትላታለች። ሻጯም ተገርማ ፊቷ በሞላ ጠቃጠቆ መሆኑን ብትነግራት፥ ልጅቱ እንደምትወደው፥ ይልቁንም ጠቃጠቆ የሚያበዛ ቅባት ቢመጣ እንዲላክላት ተናግራ ትወጣለች። ደራሲዋ ጠቃጠቆውን አላጠፉላትም። ይህን አንብቤ ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

እኚሁ እናት በ1978 ዓ.ም. የጀርመን መጻሕፍት ንግድ የሰላም ሽልማት በተሰጣቸው ጊዜ ልጆችን መምታት እንዲቀር ተናገሩ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1979 ዓ.ም. ስዊድን ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይመቱ በሕግ ከለከለች። እኔም በቤቴ አለንጋ የለም እያልሁ እኮራ ነበር፤ ለካስ ሣቅም ይመታል።

በመጀመሪያ ስለ ሊቀ ነቢያት ሙሴ ላጫውተው ሞከርሁ፤ አንደበቱ የማይፈታ መሆኑን ለእግዚአብሔር እንደ ተናገረና ወንድሙ አሮን እንደ ተሰጠው። ልጁ ግን ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቶታልና ራሱን ነቀነቀ፤ ሙሴ ሙሴ ነው፥ እርሱ ግን እርሱ ነው። እንግዲህ አንድ ደብተር ገዝቼ ማታ ማታ እጽፍ ጀመር።

ተረቱ እንዲህ ነው። በአንድ ተራራ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን ምላሱ የላላ ደወል ነበረ፤ ሲደውሉት እንደ ጓደኞቹ አጥርቶ «ድም» አይልም፤ «ድ፥ ድ፥ ድም» ይላል። የማዶው አጥቢያ ልጆች ይሥቁበታል። አንድ ቀን ጭጋግ ወረደና አንድ እረኛ ከበጎቹ ጋር መንገድ ጠፋው፤ ከየተራራው ደወል ሲደወል የቱ የሰፈሩ እንደ ሆነ መለየት አቃተው፤ በኋላ «ድ፥ ድ፥ ድም» ሲል ሰማና ያን ተከትሎ ቤቱ ገባ። ሕዝቡም ደወሉን ስለ ወደዱት አንጥረኛ አስመጥተው ምላሱን አስተካከሉለት፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ሌሎቹ አጥርቶ ደወለ።

አንብቤ ስጨርስ ልጁ ዝም አለ። እናቱ ከጓዳ ሆና ታዳምጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ፥ እየተንተባተበ፥ ነገር ግን ከፋሲካ ወዲህ ባልሰማሁት ድምፅ፥ «አባባ፥ ከተስተካከለ በኋላ እረኛው የሰፈሩን ደወል በምን ይለየዋል?» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

ያን ገጽ ቀድጄ ጣልሁት። አጎቱ በሚመጣው እሑድ ይመጣል፤ ከደጅ ሳይገባ የምነግረው ነገር አለኝ። አዲሱን መጨረሻ ልጁ እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ፤ ትናንት ማታ ስናቆም ዳግመኛ ጭጋግ ወርዶ ነበር፤ እረኛውም ከተራራው ግርጌ ቆሞ ጆሮውን አቅንቶ ነበር።