ስማቸው ከፎቶው ሥር ይጻፍ



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ለበዓል አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ የጉናን ውርጭ፣ የበሽሎን ገደል፣ የነፋስ መውጫን ገበያ በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ውስጥ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ፣ በወጉ ታትሞ ደብረ ታቦርም ሆነ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ቢሰቀል ደስታዬ ወደር የለውም። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ የተነሣው ሰው ስሙ ይጻፍ፤ ፎቶውም ለራሱ ይድረሰው።

አገራችንን ሌሎች ሲያነሷትና ሲጽፉላት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ከኦክስፎርድ ገና የተመረቀው ወጣት ቶማስ ፓከንሃም ጋይንት ቤተልሔም ደረሰ። በክቡ የሣር ክዳን ሥር የተሸሸገውን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሕንጻ አይቶ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አስተዋወቀ። ውለታው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ማዶ «ተገኘ» የተባለው ቤተልሔም ከየአገሩ የድጓ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ የሚጎርፍበት ማስመስከሪያ ነው፤ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተነሡት ምስሎች እህል አምጥተዋል፣ ነፍስ አትርፈዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። በካናዳ ቴሌቪዥን ልትሞት ነው ተብላ የታየችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ እንደምትባል ዓለም በሰፊው የሰማው ግን በ1997 ዓ.ም. ለንደን ላይ በላይቭ ኤይት የሙዚቃ ድግስ መድረክ ስትቆም ነው። ፊቷን ሁሉ ሰው አይቶት፣ ስሟ ሃያ ዓመት ዘገየ። ጋይንትና ስማዳም በሩቅ ሰው ዘንድ ከሴፍቲኔት መዝገብ ውጭ እምብዛም አይነሡም። ልጆቻችን ካሜራ ሲይዙ ይህንኑ እንዳይደግሙት እሰጋለሁ።

በእኛ ቤት ፎቶ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ አባት ሲያርፉ ቤተ ዘመድ ፎቶ ፍለጋ ሳጥን ይበረብራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለመታወቂያ የተነሡት ጉርድ ብቻ ነው። እሱው ተልጦ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ የቀበሌው ማኅተም ጠርዝ ትከሻቸው ላይ እንዳረፈ አብሮ ይጎላል። ለቅሶው ላይ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፣ አልቃሿም እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። እንግዲህ እኒሁ አባት እርፍ እንደጨበጡ፣ ፊታቸው ፀሐይ እንደመታው በአንድ ተማሪ ስልክ ተነሥተው ቢሆንስ? ያ ፎቶ ከተማ ተሰቅሎ ከሥሩ «ገበሬ» ተብሎ ተጽፎ፣ ልጆቻቸው ግን ሳያዩት ቢቀሩ? እኔ ይህን እንደ ዕዳ ነው የምቆጥረው።

በሙያው እንኳ አርአያ አልጠፋም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገራችንን ፎቶ አንሺዎች ከሌላው ዓለም ባለሙያዎች ጎን አሰልፏል። ተማሪዎቻችን ከዚያ ብርሃንና አቀራረብ ይማሩ፤ ስም መጠየቁን ግን ከእናቶቻቸው ያውቁታል። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ ወዴት ነው ሳይባል እንግዳ የሚያድርበት ቤት አላውቅም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ስም ከነአባት፣ ጎጡ፣ ቀኑና የተያዘው ሥራ ይጻፍ። መሪጌታ ከሆኑ መሪጌታ፣ እማሆይ ከሆኑ እማሆይ ይባሉ። አልነሣም ያለ ሰው ይተው፤ በተለይ የተቸገረ ሰው እምቢታው ይከበር። ትርኢቱ ሲያበቃም ፎቶዎቹ መጋዘን አይግቡ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን በገበያ ቀን ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ ይዘርጉና ባለቤቶቻቸው ይውሰዷቸው።

እናንተም እንዲህ ያለ ትርኢት ስትገቡ አንሺውን «ይህች ሴት ማን ትባላለች? ፎቶዋ ደርሷታል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። እቤታችሁ ያለውንም አሮጌ ፎቶ አውጡና፣ የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ስሞቹን ጠይቃችሁ ከጀርባው ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያሳልፋልና በለስላሳ እርሳስ ይሁን።