የአሮጌ መቆጣጠሪያዎች ስንብት ከግዢው ቀን ይታቀድ

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ስላለው የኢንዱስትሪ ተስፋ ሲነገር ዘወትር የሚነሡት መሬት፣ መንገድ፣ መብራትና ብድር ናቸው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ፋብሪካ ወይም የውኃ መግፊያ ጣቢያ ከተተከለ ከዐሥራ አምስትና ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራውን ሊያስቆም የሚችል፣ በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ ግን ቦታ የማይሰጠው ሌላ ጉዳይ አለ። እርሱም በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሮችንና ቫልቮችን የሚያዝዘው፣ በተለምዶ ፒኤልሲ የሚባለው በፕሮግራም የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፤ መቆጣጠሪያ አረጀ የሚባለው ሲበላሽ ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚያነብ ሰውና ኮምፒውተር ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከአገልግሎት የማስወጣት ዕቅዱ መጀመር ያለበት በግዢው ቀን፣ ከዕቃው ይልቅም በፕሮግራሙ ነው።

የችግሩ ሥር የዕድሜ አለመመጣጠን ነው። ከሰሜን ተራሮች በስተ ምሥራቅ በሚፈሰው ተከዜ ላይ የተሠራውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 300 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። እንዲህ ያለ ግድብ ለትውልዶች እንዲቆም ታስቦ ይገነባል፤ ተርባይኖች በጥሩ ጥገና 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላሉ። በየትኛውም ማመንጫ የሚገኝ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ግን እንደ ነገሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መተካት ይፈልጋል። የፕሮግራም ማውጫው ኮምፒውተር ደግሞ ከዚህም ያጠረ ዕድሜ አለው። ማሽኑ ጎልማሳ ሳለ አእምሮው ይጃጃል ማለት ነው።

አምራቾች ይህን ሂደት አይደብቁም፤ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቃሉ። ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያቀረበውን ኤስ5 በ1990ዎቹ አጋማሽ በኤስ7 መተካት ጀመረ። በመላው ዓለም በብዛት ከተተከሉት አንዱ የሆነው ኤስ7-300ም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ከመደበኛ ሽያጭ ወጥቶ በመለዋወጫነት ብቻ፣ ያውም እስከ 2033 ድረስ፣ የሚቀርብ ሆኗል። ሮክዌል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣውን ፒኤልሲ-5 በ2017 ማምረት አቁሟል። አሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ይመስላል። በጀት ለማስያዝ፣ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት፣ ጨረታ ለማውጣትና ባለሙያ ለማሠልጠን የሚወስደውን ጊዜ ላሰላ ሰው ግን ረጅም አይደለም።

ከሃርድዌሩ ይልቅ ቀድሞ የሚከዳው ሶፍትዌሩ ነው። አሮጌ የፕሮግራም ማውጫ ሶፍትዌር የሚሠራው በራሱ ዘመን የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ነው። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የዊንዶውስ 7 በ2020፣ የዊንዶውስ 10 በ2025 አብቅቷል። ፈቃዱ በፍሎፒ ዲስክ የመጣ፣ ኬብሉም በዛሬው ላፕቶፕ ላይ የሌለ መሰኪያ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ጥቂት አይደለም። ፕሮግራሙን ከመቆጣጠሪያው መልሶ መቅዳት ይቻላል ቢባል እንኳ በብዙዎቹ አሮጌ ሞዴሎች የሚገኘው ባዶ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የምልክቶቹ ስያሜና የመሐንዲሱ ማብራሪያ አብረው አይመጡም። የትኛው ግብአት የትኛው ፓምፕ እንደ ሆነ ለማወቅ ሽቦ በሽቦ መከተል ግድ ይሆናል። የይለፍ ቃል ካለበትና ቃሉን የሚያውቀው ተቋራጭ ከሄደ ደግሞ ያም አይቻልም። በባትሪ ብቻ ፕሮግራማቸውን ይዘው በሚቆዩት አሮጌ ዓይነቶች ላይ ባትሪው ደክሞ ሳለ መብራት ቢጠፋ ፕሮግራሙ እስከ ወዲያኛው ይሰረዛል። መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም።

ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለማየት ብቅልን እንውሰድ። የደባርቅና የዳባት ደጋ የገብስ አገር ነው፤ በጎንደርም የቢራና የብቅል ፋብሪካዎች አሉ። ገብስ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፤ ይህም ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ተከታታይ ሥራ ነው። በቡቃያው ወቅት የአየሩና የእርጥበቱ መቆጣጠሪያ ቢቆም እህሉ በራሱ ሙቀት ይበላሻል እንጂ ጥገናውን አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለወራት ቢቆም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ምርቱን ይዞ ገዢ የሚያጣው ገበሬም ነው።

አካባቢያችን በዚህ ላይ የራሱ ሦስት ሁኔታዎች አሉት። የመጀመሪያው ርቀት ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ባለሙያ በማግስቱ ይደርሳል ተብሎ አይታሰብም። ሁለተኛው ምንዛሪ ነው፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብር አልፏል። ለነገ የተባለ ግዢ በነገው ዋጋ ይከፈላል። ሦስተኛው ብዙም ያልተስተዋለው ከፍታ ነው። ለፒኤልሲ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መደበኛ የሥራ ከፍታ አድርጎ የሚወስደው እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ነው። ደባርቅ ግን ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ አይወስድም፤ የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ተተኪ ሲመረጥ «ከአሮጌው ጋር ይመሳሰላል» ማለት አይበቃም፤ አምራቹ ለዚህ ከፍታ የሚፈቅደው የሙቀትና የቮልቴጅ ወሰን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። «እየሠራ ያለን ነገር ለምን እንነካለን?» የሚሉ የጥገና ኃላፊዎች ከልምድ የመነጨ ምክንያት አላቸው። ችኩል ሽግግር ከእርጅናው የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። የአምራቾች መለወጫ ሶፍትዌር ሁሉንም ትእዛዝ በትክክል አይተረጉምም፤ አዲሱ መቆጣጠሪያ ፈጣን በመሆኑም በአሮጌው ዝግታ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ቅደም ተከተል ሊፋለስ ይችላል። የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርበት አገርም የሚሠራ ዕቃ መጣል ብክነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚያሸንፈው የችኮላ ግዢን እንጂ ዕቅድን አይደለም። ዕቅድ ማለት ዛሬውኑ መለወጥ ማለት አይደለም፤ የሚለወጥበትን ቀን ብልሽቱ ሳይሆን እኛ እንድንወስነው ማድረግ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የዕርጅና አስተዳደርን የሚመለከት አይኢሲ 62402 የተሰኘ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ መንፈሱን ለትንንሽ ድርጅቶች በሚሆን መንገድ ማጠቃለል ይቻላል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ከሞዴል ቁጥሩ፣ ከተተከለበት ዓመትና አምራቹ ካሳወቀው የማብቂያ ቀን ጋር ይመዝገብ። ይህ እስክሪብቶና ደብተር እንጂ ዶላር አይጠይቅም። ቀጥሎ የፕሮግራሙ ሙሉ ቅጂ፣ ከማብራሪያዎቹና ከሽቦ ሥዕሉ ጋር፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ ሶፍትዌሩን የሚያሠራው ኮምፒውተርም አብሮ ይጠበቅ። ከዚያ ቢቆሙ ሕዝብን ወይም ምርትን የሚጎዱት ተለይተው መለዋወጫ አስቀድሞ ይገዛላቸው፤ ሽግግራቸውም በዓመታዊ የጥገና ወቅት በደረጃ ይከናወን። በመጨረሻም በአዲስ የግዢ ውል ላይ ምንጭ ፕሮግራሙ፣ የይለፍ ቃሉና የሶፍትዌሩ ፈቃድ በገዢው ስም እንዲተላለፉ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኑር። ይህ አንቀጽ ያልተሟላለት ማሽን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ በከፊል እንደ ተገዛ ይቆጠር።

የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። የምህንድስና ትምህርታችን አዲስ ፕሮግራም መጻፍን ያስተምራል፤ በሌላ ሰው የተጻፈን የሃያ ዓመት ፕሮግራም አንብቦ መመዝገብንና በጥንቃቄ ማሸጋገርን ግን እምብዛም። ተመራቂው በሥራ ቦታ ይበልጥ የሚጠብቀው ግን ሁለተኛው ነው። አንድ ላቦራቶሪ አሮጌ ኮምፒውተሮችን፣ ኬብሎችንና ከባለቤቶቻቸው ጋር በስምምነት የተቀመጡ የፕሮግራም ቅጂዎችን ቢይዝ፣ ተማሪዎችም የአካባቢውን መቆጣጠሪያዎች መዝግበው ሽግግራቸውን በቤተ ሙከራ ቢፈትኑ፣ ለማስተርስ ጥናት የሚበቃ ቁም ነገር ይገኛል። በከፍታ ላይ የመሣሪያዎች የሙቀት ባሕርይ ብቻውን ከዚህ አካባቢ የተሻለ የመለኪያ ቦታ የሌለው የጥናት ርእስ ነው።

አካባቢያችን በኢንዱስትሪ ገና ጀማሪ መሆኑ በዚህ ጉዳይ ጥቅም አለው፤ የሚመዘገበው ጥቂት፣ ወደፊት የሚገዛው ግን ብዙ ነው። ምዝገባው አሁን ከተጀመረና የውል አንቀጹ ከሚቀጥለው ግዢ ላይ ከተጨመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2033 የትኛው መቆጣጠሪያ በምን እንደሚተካ አስቀድመን እናውቃለን።