የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በጨርቅ አይታሰርም

ለከተማችን ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች በብዙ ድካም የሚመጣው ውሃ በብዙ ሰፈር የሚታደለው በፈረቃ ነው። የጉለሌ ነዋሪም ተራው ሲደርስ ሌሊት ተነሥቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን ይሞላል። ነገር ግን በወጥ ቤቱ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ በጨርቅ አስሮ የሚተወው ብዙ ነው። ይህ አይገባም እንላለን።

የሩብ ሊትር ብርጭቆ ከቧንቧው ሥር ቢቀመጥና በሩብ ሰዓት ቢሞላ፥ ውሃው ሳይቋረጥ በዋለበትና ባደረበት ቀን 24 ሊትር ይፈሳል። መምህራን ይህን ስሌት ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ መልካም ነው። ውሃ በጠፋ ቀን እጃችንን የምንታጠብበት ይኸው የባከነው ነበርና።

ጨርቁም ዘወትር ርጥብ በመሆኑ የጀርም መራቢያ ይሆናል፤ ከእርሱ የሚንጠባጠበውም ወደ ድስታችን ይገባል።

ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ከአፉ ቢንጠባጠብ፥ አብዛኛውን ጊዜ የውስጡ ጎማ አልቋል ማለት ነው፤ በኃይል ማጥበቅ ይብስ ይጎዳዋል። ሲከፈት ከእጀታው ሥር ቢያፈስ ግን ዳዶው ላልቶ እንደ ሆነ ይታይ። ጎማውን ለመለወጥ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግቶ፥ የቀረውን ውሃ አፍስሶ፥ የቧንቧውን ራስ ፈትቶ፥ ልኩ የሆነውን አዲስ ጎማ መተካት ነው። ይህም ሆኖ ካላቆመ፥ ጎማው የሚያርፍበት ብረት ተበልቶ ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ይጠራ።

ፈረቃውን ማሳጠር የመንግሥት ሥራ ነው፤ ጎማውን መለወጥ ግን የየቤታችን ሥራ ነው።