ወጥ ዲዘርቴሽን ወይስ የመጣጥፎች ጥምር?

የዶክትሬት ዲግሪ ማሟያ ጥናት ዛሬ በሁለት መልክ ይቀርባል። አንደኛው ከመግቢያ እስከ መደምደሚያ አንድን ጥያቄ ይዞ የሚዘልቅ፣ በምዕራፎች የተከፋፈለ ወጥ ዲዘርቴሽን ነው። ሁለተኛው በጥናት መጽሔት የታተሙ ወይም ለኅትመት የተዘጋጁ ሦስትና አራት መጣጥፎች፣ የጋራ መግቢያና ማጠቃለያ ተጽፎላቸው የሚቀርቡበት ጥምር ዲዘርቴሽን ነው። ወጡ በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በሕግና በፊሎሎጂ ጸንቶ ቆይቷል። ጥምሩ በተለይ በስዊድን፣ በኖርዌይና በኔዘርላንድስ በተፈጥሮ ሳይንስ፣ በሕክምናና በግብርና የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 የዶክትሬት ትምህርት ከጀመረ ወዲህ የሁለቱ መልኮች ጥያቄ የኢትዮጵያም ጥያቄ ሆኗል። ምርጫው ተማሪው ጥናቱን በጊዜው መጨረስ አለመጨረሱን፣ ከተመረቀ በኋላም በአካዳሚው የሥራ ገበያ የሚይዘውን ቦታ ይወስናል። ሁለት ጸሐፊዎች ከዚህ በታች ተቃራኒ ወገን ይዘው ይሟገታሉ።

የአንደኛው ጸሐፊ ሙግት፦ ወጥ ሥራ ይጽና

የዶክትሬት ትምህርት ዓላማ አንድን ትልቅ ጥያቄ ለዓመታት ይዞ፣ ማስረጃውን ሰብስቦና አመዛዝኖ፣ በራሱ እግር የሚቆም ሐሳብ የሚያመነጭ ምሁር ማፍራት ነው። ይህን ችሎታ በሙሉ የሚፈትነው ወጥ ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1968 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ዲዘርቴሽን በ1972 በኦክስፎርድ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ፣ ከ1270 እስከ 1527 የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት ለሚያጠና ሁሉ መነሻ ሆነ። የገዳማት መስፋፋት፣ የነገሥታቱ ዘመቻ፣ የጉልት ስጦታና የደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ የሰንበት ክርክር በዚያ ሥራ ውስጥ አንዱ ሌላውን ያብራራል። ሦስት ቦታ ተቆርጠው ለየመጽሔቱ ቢላኩ ኖሮ እያንዳንዱ ክፍል ትርጉም የሚሰጠውን ጎረቤቱን ያጣ ነበር።

በፊሎሎጂ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የግእዝ ድርሰት የሚያጠና ተማሪ የብራና ቅጂዎችን ያሰባስባል፣ ያመሳክራል፣ ዝምድናቸውን ይለያል፣ የተመረጠውን ንባብ ከቅጂዎቹ ልዩነት ጋር ያቀርባል፣ ይተረጉማል፣ ሐተታ ይጨምራል። ይህ ሁሉ በመጣጥፍ ልክ አይታጠፍም። እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው የምሥራቅ ክርስቲያን ጸሐፍት ተከታታይ ኅትመትም የግእዝ ድርሰቶችን የሚያወጣው በመጽሐፍ መልክ ነው።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ ይነሣል። ወጥ ዲዘርቴሽን መቼ እንደሚያልቅ የሚወስኑት ተማሪው፣ አማካሪውና ፈታኞቹ ናቸው። መጣጥፍ ግን የመጽሔቱ አዘጋጅ ገምጋሚ እስኪያገኝ፣ ገምጋሚው እስኪያነብ፣ ማሻሻያው ተመልሶ እስኪታይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ውድቅ ከተደረገ ሁሉም ነገር በሌላ መጽሔት እንደገና ይጀመራል። አሳትሞ እንዲመረቅ የተገደደ ተማሪ የጥናት ፈቃዱ ሲያልቅበት፣ ገንዘብ ተቀብለው ያለ እውነተኛ ግምገማ ወደሚያትሙ ነጣቂ መጽሔቶች ይገፋል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጄፍሪ ቢል እስከ እ.ኤ.አ. 2017 መጀመሪያ ድረስ ሲዘረዝሯቸው የነበሩት እንዲህ ያሉ አሳታሚዎች የሚኖሩት በዚህ ጭንቀት ነው። እዚያ የወጣ ጽሑፍ ለምረቃ ቢያበቃ እንኳ ለማዕረግ ዕድገት ሲቀርብ ባለቤቱን ያሳፍራል።

የሥራ ገበያውም ቢሆን በሁሉም ሙያ መጣጥፍ አይቆጥርም። በአሜሪካ ታላላቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች የመምህሩን ቅጥር በቋሚነት ሲያጸኑ የሚጠብቁት በአብዛኛው መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉም መሠረት ብዙ ጊዜ ዲዘርቴሽኑ ራሱ ነው። ሦስት መጣጥፍ ይዞ ወደዚያ ገበያ የሚገባ ተመራቂ መጽሐፉን ከባዶ ለመጀመር ይገደዳል።

የሁለተኛው ጸሐፊ ሙግት፦ ጥምሩ ይፈቀድ፣ ይበረታታም

የኢትዮጵያ የዶክትሬት ተማሪ ማን እንደሆነ ሳይታይ ስለ ዲዘርቴሽን መልክ መከራከር ፍሬ የለውም። ብዙው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር ሆኖ ሲያስተምር የቆየ፣ በላኪው ተቋም ፈቃድ የሚማር፣ ሲጨርስ ተመልሶ ለማገልገል የፈረመ መምህር ነው። ሲመለስ የሚጠብቀው የኮርስ ጫና፣ የማስተርስ ተማሪዎችን ማማከርና የኮሚቴ ሥራ ነው። ዲዘርቴሽኑን ከምረቃ በኋላ መጽሐፍ የማድረግ ዕቅድ በዚህ ሥራ ሥር ይቀበራል።

ይህ በታላላቆቹም ደርሷል። ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይ እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ያቀረቡት ዲዘርቴሽን ከ1508 እስከ 1708 ስለነበሩት ደቡብ ኢትዮጵያና የክርስቲያኑ መንግሥት ያትታል። ዘመኑን የሚያጠኑ ሊቃውንት ደጋግመው የሚጠቅሱት ሥራ ቢሆንም ለአሥርት ዓመታት በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሥራ ቅጂውን ባገኘ አንባቢ እጅ ብቻ ተወስኖ ከቆየ፣ ስም ያላወጣ ተመራቂ ጥናት ከመደርደሪያ የሚወርድበት ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ጥናት ብዙ ጊዜ የሚቆመው በጽሕፈቱ መካከል ነው። ኮርስ አልቋል፣ መረጃም ተሰብስቧል። ከዚያ ወዲያ ግን የቅርብ ቀነ ገደብ የለም፤ አማካሪው ሌሎች ብዙ ተማሪዎች አሉበት፤ ረቂቅ ምዕራፍ ሳይነበብ ይከርማል። መጣጥፍ ይህን ረጅም ጉዞ በየደረጃው ይከፍለዋል። የመጀመሪያው መጣጥፍ ሲላክ ተማሪው ከአማካሪው ሌላ የሙያው ሰው አስተያየት ያገኛል፤ የዘዴ ስሕተት ካለም በመጨረሻው የመከላከያ ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ዓመት ይታወቃል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳደረገው ትምህርት በድንገት ሲቋረጥ፣ የታተመ መጣጥፍ በተማሪው ስም ይኖራል። ግማሽ የደረሰ ምዕራፍ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር ሊጠፋ ይችላል።

ገበያውስ? የድኅረ ዶክትሬት ቦታ የሚሰጡ ተቋማት ብዙዎቹ ገና ከጅምሩ የአመልካቹን የኅትመት ዝርዝር ያያሉ። በኢትዮጵያም ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማለፍ በታወቁ መጽሔቶች የወጡ ጽሑፎች ይጠየቃሉ። በኢኮኖሚክስ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በአብዛኛው ሦስት ጥናቶች ያሉበት ዲዘርቴሽን ይጽፋሉ፤ ከሦስቱ የበለጠውን መርጠው ለቀጣሪዎች ያቀርባሉ። የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር በነበረው ትብብር የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ በጥምሩ መንገድ ሄደዋል። ስለ ደጋ ደኖች ዳግም ማገገም የጻፏቸውን ውጤቶች የዓለም የደን ሳይንስ አንባቢ ያገኛቸው በመጽሔት ስለወጡ ነው። ለገምጋሚ ትችት ነጥብ በነጥብ መመለስ የመምህሩ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ በትምህርት ጊዜ ያልተለማመደው ሰው በሥራ ላይ ብቻውን ሲማረው ይቸገራል።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

የመምህሩ የሥራ ጫና እውነት ነው። ለጫናው የሚገባው መድኃኒት ግን የጥናቱን መልክ መለወጥ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ተመላሹን መምህር ለአንድ ሴሚስተር ከማስተማር ነፃ ቢያደርገውና አንድ ምዕራፍ በመጣጥፍ መልክ እንዲያወጣ ቢያግዘው ሁለቱም ግብ ይሟላል። በጥምሩ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ሁለተኛውን መጣጥፍ ለማሳተም ሲሯሯጥ የጥናቱን ዋና ጥያቄ ቢስት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል። በአማካሪና በባልደረቦች ስም በታጨቀ መጣጥፍ ውስጥ የተማሪውን ድርሻ ለይቶ መፍረድም ለፈታኙ ከባድ ነው። የዶክትሬት ማዕረግ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ምስክርነት ስለሆነ ሥራው የዚያ ሰው መሆኑ መታየት አለበት።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የቀረቡት ሥጋቶች ሁሉ በደንብ በተጻፈ ደንብ ይመለሳሉ። በስዊድን ልማድ በጥምር ዲዘርቴሽን ውስጥ ከታተሙት ጋር ገና ያልታተሙ ረቂቆችም ይካተታሉ፤ ብቃታቸውን የሚመዝኑት ፈታኞቹ ናቸው። ስለዚህ መመዘኛው መታተም ሳይሆን ለኅትመት የሚበቃ ሥራ መሆኑ ከሆነ፣ ተማሪው ለአዘጋጆች መዘግየት አይጋለጥም፤ ወደ ነጣቂ መጽሔቶች የሚገፋውም ግዴታ ይቀራል። የድርሻው ጥያቄ እያንዳንዱ ተባባሪ ጸሐፊ የሠራውን ለይቶ በሚፈርምበት መግለጫ ይፈታል። የጥናቱ አንድነትም መጣጥፎቹን በሚያስተሳስረው መግቢያ ይፈተናል፤ መግቢያው ደካማ ከሆነ ጥናቱ ማለፍ የለበትም። የግእዝ ድርሰትን ለሚያጠናው ተማሪ ግን መጽሐፉ መብቱ ነው፤ ጥምሩን በግድ መጫን እርሱን መበደል ይሆናል።

ከሁለቱ ጸሐፊዎች ሙግት ባሻገር ግን፣ የትምህርት ክፍሎች ዝምታ ከሁለቱም መልኮች የበለጠ ተማሪን ይጎዳል። ብዙ ተማሪ የትኛው መልክ እንደሚፈቀድለት፣ ስንት መጣጥፍ እንደሚጠየቅ፣ ማንስ እንደሚመዝነው ሳያውቅ ዓመታት ያሳልፋል። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የሚቀበላቸውን መልኮችና መመዘኛቸውን በጽሑፍ ያውጣ፤ ተማሪውና አማካሪው ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት መርጠው ይፈርሙበት፤ ተማሪው የሚያመለክትበት የሥራ ዘርፍ መጽሐፍ ወይም መጣጥፍ እንደሚጠይቅም በዚያው ጊዜ ይነገረው።